«የካካዎ ቅቤ» በፍልሰታ ጾም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ ነው። በፍልሰታ ጾም ልጆቼ እስከ 9 ሰዓት ጾመው ከቅዳሴ ሲመለሱ የሚቀምሱት ብዬ በቤቴ የቸኮሌት ትራፍል አዘጋጃለሁ። ቴምሩን በሙቅ ውኃ አርሼ እፈጨዋለሁ፤ ዘቢብና ተቆልቶ የተፈተገ ለውዝ ወቅጬ እጨምርበታለሁ፤ ከዚያም በእንፋሎት ያቀለጥሁትን ጥቁር ቸኮሌት ቀላቅዬ አድቦለቡልና በካካዎ ዱቄት ላይ አንከባልለዋለሁ። ወተትም ክሬምም አላስገባበትም። አማቴ ግን ትልቁ ልጄ የቸኮሌቱን መጠቅለያ እያነበበ «የካካዎ ቅቤ» ብሎ ሲተረጉም ሰምተው «ቅቤ በጾም!» ብለው ከማዕዱ ተነሡ። ባለቤቴ ደግሞ የፍሬ ቅቤ ነው ብሎ ተከራከራቸው። ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺና ከቤተሰብሽ ጋር ይሁን። በሐዋሳ የሚያስተምር ሰው ስለ ጾም ሲጠየቅ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሐይቁ ዓሣ ነውና፣ ስለ ቸኮሌት መጠየቄ ለእኔም ዕረፍት ሆኖኛል።

የቅቤውን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። የካካዎ ቅቤ ከላም የሚገኝ አይደለም። ካካዎ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ተቆልቶና ተፈጭቶ ሲጨመቅ የሚወጣ ስብ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ ረግቶ ይቆያል፣ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ቸኮሌት አፍ ውስጥ እንደ ገባ የሚሟሟውም በዚህ ምክንያት ነው። ኑግና ሰሊጥ ዘይት እንደሚሰጡን ይህም የዘር ስብ ነው፤ ከቅቤ ጋር የሚያገናኘው ስሙና መርጋቱ ብቻ ነው። ነገር ግን አማትሽ መጠርጠራቸው ያለ ነገር አይደለም። «ጥቁር» ተብሎ በሚሸጠው ቸኮሌት ውስጥ እንኳ የወተት ዱቄት፣ የወተት ስብ ወይም የደረቀ አጓት የሚገባበት አለ፤ የተለመደው ትራፍል ደግሞ መሠረቱ የወተት ክሬም ነው፣ አንዳንዶችም ጠንካራ መጠጥ ያንጠባጥቡበታል። ስለዚህ ልጅሽ መጠቅለያውን ሲያነብልሽ «ቅቤ» የሚለውን ትቶ «ወተት»ንና «አጓት»ን ይፈልግልሽ። ከእነዚህ የጠራ ከሆነ የፍስክ ምግብ አይደለም፤ ጾምም አያስገድፍም።

ባለቤትሽ እዚህ ድረስ አንብቦ «አላልሁም?» እንደሚል ይታየኛል፤ ገና አልጨረስሁምና ይታገሠኝ።

ሰዎች ስለ ማኪያቶው፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ በርገሩ ሲጠይቁኝ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የጾም ነው?» ይላሉ። የሚሰጣቸውም መልስ ያው ነው፤ «ምንም የለበትም» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ እየተመገቡ ይጾማሉ፣ እየጾሙም ይመገባሉ፤ ምግቡ የጾም ስለ ተባለ ተመጋቢውም ጿሚ የሆነ ይመስላቸዋል። ደጋግሞ የገጠመኝ ስሕተት ይህ ነው። የወተቱን ኬክ ትተው የኮኮናቱን ይይዛሉ፣ የክሬሙን ትራፍል ትተው የቴምሩን ያበጃሉ፣ እንዲህ እያሉ 15ቱም ቀን ምላሳቸው ምንም ሳይጎድልበት ያልፍና ነሐሴ 16 ሲደርስ «ጾሙ እንዴት ቶሎ አለቀ» ይላሉ። ላልጾመ ሰው መቼም ጾም ቶሎ ነው የሚያልቀው!

ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ጾም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ከተናገረ በኋላ ምክንያቱን አብሮ ያስቀምጣል፤ የፈቲው ኃይል እንዲደክምና ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። ፈቲው ያለው ያንን «አማረኝ» የሚለውን ነገር ነው። ነቢዩ ዳንኤልም ሦስት ሳምንት ባዘነበት ወራት የተወውን ሲነግረን «ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም፥ ሥጋና ጠጅም በአፌ አልገባም» ይላል (ዳን. 10፥3)። ሥጋውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፣ ጠጁንም አንዳንዶቻችን እናስታውሰዋለን፤ ፊት የተጠራውን ማለፊያ እንጀራ ግን እንዘለዋለን። እንጀራ ከላምም ከበግም የተገኘ አይደለም፤ ዳንኤል በዚያ እንጀራ ላይ አንዳች የተከለከለ ነገር አግኝቶ አልተወውም። የተወው ማለፊያ ስለ ሆነ ነው። የመጠቅለያ ጽሑፍ ቢሰጡት ኖሮ «ምንም የለበትም» ብሎ ይበላው የነበረውን ነገር ነው የተወው።

ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ምእመን ቤት ተጋብዤ ነበር። ገና ቆሎው ሳይቀርብ ልክ እንዳንቺው ያለ ትራፍል በሰሐን ተደርድሮ መጣ። ከላይ የካካዎው ዱቄት መረር ይላል፤ ሲነክሱት ቴምሩ ይለሰልሳል፣ ከመካከሉም ለውዙ ይንኮሻኮሻል። የመጀመሪያውን አመስግኜ በላሁ። ሁለተኛውን «ይጨምሩ እንጂ መምህር፣ ምንም የለበትም» ሲሉኝ በላሁ። አራተኛውን ማን እንዳቀረበልኝ አላስታውስም፤ እጄ ብቻውን ሄዶ ነበር። ማታ ለጸሎት ስቆም በነጠላዬ ጠርዝ ላይ ቡናማ የጣቶቼን አሻራ አየሁ። ከወተት ወገን አንዲት ጠብታ አልቀመስሁም፤ ነገር ግን የንስሐ አባቴ በዚያች ሰዓት «ዛሬ ጾምህ እንዴት ነበር?» ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

እንግዲህ ጣፋጭ ሁሉ ኃጢአት ነው እያልሁ እንዳይመስልሽ። የዳዊት ሰዎች በሜዳ ወድቆ ላገኙት ግብፃዊ ብላቴና ምን እንደ ሰጡት ታስታውሺያለሽ፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ ላልቀመሰው ለዚያ ሰው ከበለስ ጥፍጥፍ ቍራጭና የዘቢብ ዘለላ ሰጡት፣ ነፍሱም ተመለሰችለት (1ኛ ሳሙ. 30፥12)። የደረቀ ፍሬ ተጨፍልቆና ተጠፍጥፎ ለደከመ ሰው መድኃኒት ሆነ ማለት ነው፤ ያንቺ ትራፍል ከዚያ ጥፍጥፍ የራቀ ዘመድ አይደለም። እስከ 9 ሰዓት ጾሞና አስቀድሶ በነሐሴ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ቤቱ የደረሰ ሕፃን አንዷን ቢቀምስ ነፍሱ ትመለስለታለች፤ እናቱንም የሚወቅሳት የለም። ሆኖም ያ ብላቴና የተሰጠው ቍራጭ እንደ ነበር ልብ በይ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ቆሎውን ወይም ዳቦውን አቅርቢላቸው፣ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ትራፍል ስጪያቸው፣ ሰሐኑንም አንሺው። አንቺ ራስሽ ግን በዚህ ጾም ሳትቀምሺው ብትቆዪ እመክርሻለሁ፤ እየሠሩ አለመቅመስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያንቺም ጾም ምናልባት ከወጥ ቤቱ ይጀምር ይሆናል። ቸኮሌቱም ቴምሩም ርካሽ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራህን ለተራበ መቍረስ ነው ሲል (ኢሳ. 58፥7) ከጿሚው ቤት ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነገር እንዳለ አስቦ ነው፤ ጾማችን ከፍስካችን ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ ግን የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ከምታበጂው ግማሹን ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ወደ ቅዱስ ገብርኤል ይሂዱና በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት በእጃቸው ይስጡ። አንዱ ልጅሽ ቅር ቢለው አትቆጪው፤ ቅር ያለው ያ ነገር ነው ፈቲው የሚባለው።

ለውዙን ስትወቅጪ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪያቸው። በዚህ ሱባኤ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም በትረ አሮን ለእመቤታችን ምሳሌ መሆኗን ይሰማሉ፤ ያች ደረቅ በትር አብባ ያፈራችውም ለውዝ ነው (ዘኁ. 17፥8)። እሱ የዛፍ ፍሬ ነው፤ እኛ ከገበያ ለውዝ ብለን የምንገዛው ኦቾሎኒ ግን ከአፈር ተነቅሎ የሚወጣ ነውና አንድ አድርገው እንዳይይዙት።

የቀሩት አማትሽ ናቸው። ባለቤትሽ ክርክሩን ረትቷል፤ እናቱን ግን ጾመው ውለው ከማዕድ አስነሥቷቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንድሙን በመብል ምክንያት የሚያሳዝን ሰው በፍቅር እንዳልተመላለሰ ሲጽፍ (ሮሜ 14፥15) የመብሉ ንጽሕና ጠፍቶት አይደለም፤ መብሉ ንጹሕ መሆኑን አውቆም ነው እንዲህ ያለው። እኒያ እናት ስለ ጾማቸው ቀንተው ነው የተነሡት። በዚህ ረገድ የምለው ጠንከር ያለ ነው፤ ባለቤትሽ ዛሬውኑ ይቅርታ ይጠይቃቸው፣ መጠቅለያውንም ዳግመኛ በፊታቸው እንዳያነሣ። እስከ ነሐሴ 16 ድረስ ትራፍሉ እርሳቸው ባሉበት ማዕድ አይቅረብ፤ ልጆቹ ከቅዳሴ እንደ ተመለሱ ለብቻቸው ይቅመሱ፣ ይህም በስውር ሳይሆን አንቺው ራስሽ አስቀድመሽ ነግረሻቸው ይሁን።

ጾሙ ሲፈታ፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ፣ ያኔ ክሬሙንም ጨምረሽ ሥሪውና የመጀመሪያውን ሰሐን ለእርሳቸው ውሰጂላቸው። «ቅቤ አለበት እንዴ?» ብለው ከጠየቁሽ «አዎ እማማ፣ ዛሬስ አለበት» በያቸው።