የስቱዲዮህን ስም ስለለጠፈው ድረ ገጽ፦ መልስ

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ስቱዲዮህ ስምና ሎጎ ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር በሚያድል ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ አይተህ «በንግድ ምልክት ማስቆም ይቻላል ወይ?» ብለሃል። ይቻላል። ግን ሎጎው ተመዝግቧል? በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። ካልተመዘገበ ዛሬውኑ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክት።

እስከዚያው ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርገህ ገጹን ስክሪንሾት አንሳ። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) የሸጠውንና ሰርቨሩን (ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ያከራየውን ድርጅት ፈልግ፤ አቤቱታህን ለእነሱ ላክ። የገጹ ባለቤት ላይመልስልህ ይችላል፣ እነሱ ግን ማገድ ይችላሉ። የቀዳኸው የመሰንቆ ድምፅም እዚያ ካለ፣ እሱን በቅጂ መብት ለብቻው ጠይቅ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቫይረሱ ነው። ክራክ ፋይል ብዙ ጊዜ ይዞት ይመጣል። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት የባሕር ዳር ልጅ፣ ገጹ ላይ ያየው ያንተን ስም ስለሆነ፣ የሚረግመው አንተን ነው።