ድርጅት ልግዛ ስል ስንት ልበል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ልገዛ እየተደራደርኩ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን ባለቤቶቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። 28 ሚሊዮን ብር ብለውኛል። ለገቢዎች ያስታወቁት የዓመት ትርፍ 2 ሚሊዮን ነው፤ እነሱ ግን «እውነቱ 4 ሚሊዮን ነው» ይላሉ። ስንት ብዬ ላቅርብ?

መልስ፦ ዋጋውን ቆርጦ የሚነግርዎት የሂሳብ ባለሙያ ነው። ከየትኛው ትርፍ ይነሳ የሚለው ግን የሕግም ጉዳይ ነው። እኔ ብሆን ከ2 ሚሊዮኑ እነሳለሁ።

በ2 ሚሊዮን ከሄድን ገንዘብዎ የሚመለሰው በ14 ዓመት ነው። በ4 ሚሊዮን ከሆነ በ7። ሰዎቹ በአፍ ትርፍ ዋጋ እየጠየቁ በወረቀት ትርፍ ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል። ውሸታቸውን ከሆነ ዋጋው ውድ ነው። እውነታቸውን ከሆነ ደግሞ ይብሳል! በተደበቀው 2 ሚሊዮን ላይ የድርጅት ትርፍ ግብር በ30 በመቶ ሲታሰብ በዓመት 600 ሺህ ብር ነው። ለ5 ዓመት 3 ሚሊዮን፤ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር፣ ቫትም ሳይነሳ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ገቢዎች ያለፈውን ሂሳብ በመደበኛው እስከ 5 ዓመት ከልሶ ማስከፈል ይችላል። ማጭበርበር ካገኘ የጊዜ ገደብ የለበትም።

ዕዳው የማን ይሆናል? የወንድማማቾቹን ድርሻ ከገዙ ማኅበሩ ከነዕዳው ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑንና የንግድ መደብሩን (ማኅበሩን ሳይሆን ሥራውን ከነስሙና ከነደንበኞቹ) ብቻ መግዛት ይሻል እንደሆነ ከቁጥሩ በፊት ይወስኑ። ሁለቱ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሠራተኞቹንም አይርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ባለቤት ስለተለወጠ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ የቆየ አገልግሎታቸው አብሮ ይመጣል። 10 ዓመት የሠራ ሰው ስንብት ቢገባው የ120 ቀን ደመወዝ ነው። የሠራተኞቹን ዝርዝር ከነቅጥር ቀናቸው ይጠይቁ። ማሽኖቹ በባንክ ብድር መያዛቸውንና የቤቱ ኪራይ ውል መቼ እንደሚያልቅም ይዩ። እነዚህ ሁሉ ከዋጋው የሚቀነሱ ናቸው።

ሻጮቹ «4 ሚሊዮን ነው» ብለው ከጸኑ አይጨቃጨቁ። ከዋጋው የተወሰነውን ይያዙና የቆየ የግብር ዕዳ ከመጣ ከዚያ እንዲቀነስ በውሉ ይጻፉ። በተናገሩት የሚተማመን ሻጭ ለዚህ ብዙ አያንገራግርም።

ደብዳቤ ሲልኩም ጥንቃቄ ያድርጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመቀበያ ጊዜ ቆርጠው ያቀረቡት ዋጋ ጊዜው እስኪያልፍ ያስርዎታል (ቁጥር 1690)። እነሱ እሺ ካሉ ውል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ለድርድር የቀረበ፤ ሂሳብ ተመርምሮ ውል እስኪፈረም የማያስገድድ» የሚል ቃል ይግባበት።

ሂሳቡን ሳያዩ ቀብድም አይስጡ። የተለየ ስምምነት ከሌለ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ቀብዱ ይቀርብዎታል። እነሱ ቢያፈርሱ እጥፍ ይመልሳሉ (ቁጥር 1885)። ግድ ከሆነም ትንሽ ይስጡና፣ ምርመራው የተደበቀ ዕዳ ካወጣ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።