ቀጣሪው «ክላስተር ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ቢጠይቅሽ

ጥያቄ፦ በፊዚክስ ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት በሊኑክስ ስርዓተ ክወናና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አሁን አንድ የምርምር ተቋም ለክላስተር (በኔትወርክ ተገናኝተው እንደ አንድ የሚያሰሉ ብዙ ኮምፒውተሮች) ድጋፍ ባለሙያነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ማስታወቂያው «ድርጅቶች ከክላስተር የሚያገኙትን ጥቅም ማስረዳት የምትችል» ይላል። እኔ ግን «ፈጣን ነው» ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። ደግሞስ ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ ኮምፒውተር) እየሄደ ከሆነ ይህ ሙያ ያዋጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ከብዙ አመልካች መካከል ለቃለ መጠይቅ መጠራት ቀላል ነገር አይደለም።

«ፈጣን ነው» ማለትሽ ልክ ነው። ችግሩ ጠያቂዎችሽ ወዲያው «ፈጠነና ምን አተረፍን?» ማለታቸው ነው። ስለዚህ ማሽኑን ለጊዜው ተይውና ከውሳኔው ጀምሪ። ማንኛውም ድርጅት የሚወስነው ነገር አለው፤ የሚወስንበት ቀንም አለው። መልሱ ከዚያ ቀን በፊት ከደረሰ ይጠቅመዋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ መልስ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ዋጋ የለውም።

የአየር ትንበያን ውሰጂ። የነገ ዝናብ ስሌት ከነገ ወዲያ ቢያልቅ ማን ይፈልገዋል? ግን ነገሩ በመፍጠን ብቻ አያበቃም። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ አየር ትንበያ ማዕከል ለብዙ ዓመታት የሠራበትን ዘዴ ተመልከቺ። የመነሻ መረጃውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 50 ጊዜ፣ ሳይለውጥ ደግሞ 1 ጊዜ፣ በድምሩ 51 ትንበያ ያሰላል። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ትንበያው ይታመናል። ከተበታተኑ ደግሞ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። አንድ ብቸኛ ማሽን ጊዜው ሳያልፍ አንዱን ትንበያ ቢጨርስ እንኳ ይህን ሊነግርሽ አይችልም። ክላስተሩ ለማዕከሉ የሰጠው መልሱን ብቻ አይደለም፤ መልሱ ምን ያህል እንደሚታመንም ነግሮታል። ለቃለ መጠይቁ አንድ ምሳሌ ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ሁለተኛው ጥቅም ውድ ሙከራን መቀነስ ነው። መኪና ሠሪ አንድን ናሙና ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ የሚፈትነው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ናሙናው ቁርጥራጭ ብረት ነው። በክላስተር ላይ ግን ብረቱ ገና ሳይቆረጥ ብዙ ዓይነት ግጭት መሞከር ይቻላል። ነዳጅ ፈላጊዎችም ጉድጓድ ከመቆፈራቸው በፊት ከመሬት ውስጥ የተመለሰውን የድምፅ ሞገድ አስልተው የድንጋዩን አቀማመጥ በምስል ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ሰሚት የተባለው ሱፐርኮምፒውተር ከ8,000 በላይ ውህዶችን ፈትሾ በኮሮና ቫይረሱ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ የተባሉ 77 ለይቷል። ይህን ስትናገሪ ግን ጠንቀቅ በይ። ማሽኑ መድኃኒት አላገኘም። ተመራማሪዎች ከየትኞቹ መጀመር እንደሚሻል አሳየ፤ ጥቅሙም ራሱ ይኸው ነው። አጋንኖ የሚያወራ አመልካች ጠያቂዎቹ ሳይንቲስት ከሆኑ ወዲያው ይነቃበታል።

ሦስተኛው በማስታወቂያዎች ላይ ብዙም አይነሳም፤ ለአንቺ ሥራ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። መጋራት ነው። ክላስተር የሌለው ተቋም ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጠንካራ ማሽን ይገዛል። የአንዱ ለወራት ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቀንና ሌሊት ተጨናንቆ ወረፋ ይጠብቃል። ክላስተር ሁሉንም ወደ አንድ ያመጣና ወረፋውን ለሶፍትዌር ያስረክባል። በብዙ ቦታ የምታገኚው ሶፍትዌር ስለርም ይባላል። ተጠቃሚው «ይህን ያህል ኮር (የፕሮሰሰር አስሊ ክፍል)፣ ይህን ያህል ሚሞሪ፣ ለዚህን ያህል ሰዓት» ብሎ ይጠይቃል። ስለርም ቦታ ሲገኝ ሥራውን ያስነሳል።

ገንዘብ በዝምታ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ 64 ኮር ጠይቆ ኮዱ አንዱን ብቻ ሲጠቀም 63ቱ ተይዘው ይቆማሉ። ሌላው ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ «ለማንኛውም» ብሎ ሦስት ቀን ይጠይቃል። እሱ ራሱን ጎዳ። ስለርም በትልልቅ ሥራዎች መካከል የሚፈጠሩትን ክፍተቶች በአጫጭር ሥራዎች ይሞላል። ሁለት ሰዓት ብሎ የጠየቀ ሰው ክፍተቱ ውስጥ ሹልክ ብሎ ይገባል፤ ሦስት ቀን ያለው ግን የሚበቃው ቦታ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ይህን ለተጠቃሚ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው አዲስ ማሽን ሳይገዛ የክላስተሩን አቅም ያሳድጋል። የድጋፍ ባለሙያ ሥራ ለእኔ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙዎች ዝቅ አድርገው ያዩታል፤ እኔ አልስማማም።

ክላስተር የማይጠቅምበትንም ቦታ እወቂ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንል የለ? ሎሚው ግን የሚከፋፈል መሆን አለበት። አንዳንድ ስሌት የቀደመው እርምጃ ሳያልቅ የሚቀጥለውን አይጀምርም። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ይህን በቁጥር ያሳያል። ከሥራው 5 በመቶው መከፋፈል ካልቻለ የፈለግሽውን ያህል ኮር ብትጨምሪ ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። ሺህ ኮር ቢገዙለትም ያው ነው። «የእኛን ሶፍትዌር ክላስተር ላይ ብንጭነው ይፈጥናል?» ካሉሽ መልስሽ «መጀመሪያ እንለካው» ይሁን። ይህ መልስ ከማንኛውም ሙገሳ በላይ ያስከብርሻል።

ወደ ክላውዱ ልምጣ። የራስን ክላስተር ማኖር ወጪው በግዢ አያልቅም። ኤሌክትሪክ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ባለሙያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በፍጥነት የዓለም አንደኛ የሆነው ሱፐርኮምፒውተር ፍሮንቲየር ሲሠራ 20 ሜጋ ዋት ገደማ ይወስዳል። የአብዛኛው ድርጅት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሒሳቡ ግን በየወሩ ይመጣል። ስሌቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልገው ድርጅት ክላውድ ቢከራይ ይሻለዋል። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚያሰላ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ቢኖረው ያተርፋል። ሁለቱን አጣምረው የሚሠሩም አሉ። ክላውድ ላይ ሆነም አልሆነ ሥራውን የሚከፋፍል፣ ወረፋውን የሚያስተካክል፣ ኮዱ ለምን እንደተንቀራፈፈ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። እንዲያውም ክላውድ ላይ ሥራ ፈትቶ የቆመ ማሽን ሒሳቡ ቶሎ ስለሚታይ ይህን ሰው አጥብቀው ይፈልጉታል። ሙያው ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ያዋጣል።

የሊኑክስ እውቀትሽን አሳንሰሽ አትይው። እ.ኤ.አ. በ1994 ናሳ ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኤተርኔት ኔትወርክ አገናኝተው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሲሠሩ የጫኑበት ሊኑክስን ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ደግሞ በዓለም የ500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ የምትጽፊው ትእዛዝ እዚያም ይሠራል።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ ይህን አድርጊ። ላፕቶፕሽ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ፍጠሪ፣ በኔትወርክ አገናኛቸው፣ ስለርምን ጫኚባቸው። መጫኑ ያስቸግርሻል፤ ተስፋ አትቁረጪ፣ የምትማሪው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አንዱን ማሽን ሆን ብለሽ አጥፊና ወረፋ ላይ የነበረው ሥራ ምን እንደሆነ ተመልከቺ። ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ለመማር አሁን አትቸኩይ፤ ወረፋውና ሊኑክሱ ይቅደሙ። ቀጥሎ የመመረቂያ ሥራሽን ኮድ ትይዩ (በብዙ ኮር በአንድ ጊዜ) እንዲሠራ አድርገሽ በ1፣ በ2፣ በ4 ኮር አስኪጂው። የፈጀውን ጊዜ ለክተሽ ስንት እጥፍ እንደፈጠነ በግራፍ አስቀምጪና አትመሽ ይዘሽ ግቢ። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ መጉበጡ አይቀርም። ለምን እንደጎበጠ ማስረዳት ከቻልሽ አምዳልን የምታነሺበት ቦታ አገኘሽ ማለት ነው። ሲቪሽ ላይም ራስሽ የለካሽውን ቁጥር ብቻ ጻፊ።

ፊዚክስ መማርሽን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ተመራማሪ ችግሩን ሲነግርሽ ቋንቋው ይገባሻል፤ ብዙ ጥሩ የሲስተም ባለሙያዎች ይህ የላቸውም።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ዝም አትበይ። ተጠቃሚዎቻቸው በአማካይ ምን ያህል ወረፋ እንደሚጠብቁ፣ በብዛት የሚሠራው የትኛው ሶፍትዌር እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሌሊት ስቶሬጁ ሲሞላ ስልኩ የሚደወለው ለማን እንደሆነም ጠይቂ። ለአንቺ ከሆነ ስለ ተረኝነት ክፍያው ከመፈረምሽ በፊት ተነጋገሪ።