የእህትህ ሁለት ኮንትራት

ከደሴ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ፤ በአንተ ግን አይደለም። ሁለተኛ ሳነበው ካልኩሌተር ይዤ ነበር።

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ነገሩን ባጭሩ ልንገረው። 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትነህ ከ600 271 አመጣህ። ሪሚዲያል ያስገባሃል፣ ማለትም ነጥብ ያልሞላለት ተማሪ ዲግሪ ከመጀመሩ በፊት የሚወስደው ማካካሻ ትምህርት፤ አንተ ግን "ፊዚክስ ሁለተኛ ባላይ ደስ ይለኛል" ትላለህ። አባትህ አዲስ አበባ ወርደህ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እንድትማር ወስነዋል። የምትከፍለው ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህትህ ናት። እስከዚያው ከአጎትህ ጋር የመብራት መስመር ትዘረጋለህ። እሱን "ጊዜ ማሳለፊያ" ብለኸዋል።

በመጀመሪያ "የቤተሰቤ ማፈሪያ ሆንኩ" ያልከውን እርሳው። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 8.4 በመቶ ብቻ ነበር። አብሮህ የሚያፍር ብዙ ሰው አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ራስህ በጻፍከው ዋጋ ኮሌጁ በወር 3,500 ብር ነው። ቤት ኪራይና ምግብ 8,500። ድምሩ 12,000። በአራት ዓመት 576,000 ብር ይመጣል። ይህ እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ የጤፍም የኪራይም ዋጋ ባለበት ቢቆም ነው፤ ሳቅ አይደል? የቤት ሠራተኛ ኮንትራት እንደሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። እህትህ የያዘችውን ልትጨርስ አምስት ወር ቀርቷታል ብለሃል። አባትህ የወሰኑት አንተ አካውንቲንግ እንድትማር ብቻ አይደለም። እሷም ሁለት ኮንትራት እንድትጨምር ነው የወሰኑት። ይህን በዚህ ቋንቋ የነገራት ሰው አለ?

ገንዘቡ በእርግጥ ዲግሪ የሚያመጣ ቢሆን ክርክሬ በለሰለሰ። ኮሌጁ "ሪሚዲያሉንም እኛው እናስተምርሃለን" ብሎሃል። ማስተማሩን ያስተምርህ፤ አብዛኛው ነጥብ ግን የሚያዘው ከትምህርት ሚኒስቴር በሚመጣው ፈተና ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለሆንክ ፊዚክሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ከፍለህ ልትሸሸው ያሰብከውን ከፍለህ ነው የምትፈተነው። ያን አልፈህ አራት ዓመት ተምረህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። ፈተናው በ2015 መጀመሪያ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ከመቶው ከ60 በላይ አለፉ፤ ከግሎቹ 20 እንኳ አልሞሉም። ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም እያልኩ አይደለም። ግን ያንተኛውን "ያለፈው ዓመት አካውንቲንግ ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፈ?" ብለህ ጠይቀው። ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት ክፍሉ ስለሆነ፣ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የትኛውን እንደሚመለከትም እይ። "ኋላ ትደርስበታለህ" ካሉህ ውጣ።

አባትህ ይቅር ይበሉኝና፣ ከደብዳቤህ የገባኝ እሳቸው የሚፈልጉት ሳሎን የሚሰቀል የጋውን ፎቶ ነው። የጎረቤት ልጆች ተሰቅለዋል አሉ። 576,000 ብር ለፎቶ ውድ ነው።

እኔ ማትሪክ 2.2 ነው ያመጣሁት። ድራፍቲንግ ተማርኩ፣ ስድስት ዓመት ቲ-ስኩዌር ላይ አጎንብሼ ሠራሁ፣ ዲግሪዬን ማታ ማታ በራሴ ደሞዝ ጨረስኩ። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ እጅ ሙያ ቢያዘነብል አይግረምህ። ሌላ አማካሪ "መጀመሪያ ሪሚዲያል" ሊልህ ይችላል፤ አልጣላውም። የመንግሥቱን ከሆነ የእህትህን ኪስ ያን ያህል አይነካም።

ነገር ግን ያን የወፍጮ ቤት ነገር ልለፈው አልቻልኩም። ብሬከሩ በየሰዓቱ እየወረደ ሰው እህሉን ይዞ ሲመለስ፣ አጎትህ ሞተሩን ሲጠራጠር፣ አንተ ማታ በባትሪ ሳጥኑን ከፍተህ የላላውንና ጫፉ የጠቆረውን ሽቦ አገኘህ። የጻፍከው ግን እናትህ ዱቄት ለብሰህ መግባትህን አይተው እንደተቆጡህ ለማማረር ነው። እኔ ቀጣሪ ብሆን ዱቄቱን ሳላራግፍ እቀጥርህ ነበር።

ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ እዚያው ደሴ ነው፤ ኪራይ የለው፣ መሳፈሪያ የለው። ሄደህ የኤሌክትሪክ ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። የቆሙት ማሽኖች አቧራ ለብሰው እንደሆነ እይ። ሰልጣኞቹን በሳምንት ስንት ቀን እጃቸው ሽቦ እንደሚነካ ጠይቃቸው። ከገባህ ሲኦሲህን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ በየደረጃው ውሰድ፤ አጎትህ ጋ የምትሠራውንም አታቋርጥ። ዲግሪው ካማረህ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በዚሁ መስመር እስከ ማስተርስ ያስተምራል። ያኔ ደግሞ የራስህ ገቢ ይኖርሃል።

ጓደኞችህ ባሕር ዳር ገብተው ቀደሙኝ ላልከው፦ ይቅደሙህ። ኮዲንግ በኢንተርኔት ልማር ወይ ላልከው፦ በነፃ ካገኘህ ማታ ማታ ሞክረው፣ ቀኑን ግን አትስጠው።

ከአባትህ ጋር ከመነጋገርህ በፊት ለእህትህ ደውልላት። ቁጥሩን ሳትቀንስ ንገራት። ከዚያ ተመልሳ ስትመጣ በገንዘቧ ምን ልትሠራ እንዳሰበች ጠይቃት። በሦስት ገጽ ደብዳቤህ ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አላየሁም።