ዲክሎፌናክ ላይ አይቡፕሮፌን ይደረባል?

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ኤምአርአይ ተነስቼ የወገብ ዲስክ መንሸራተት ነው ተባልኩ። ሕመሙ በግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ ይወርዳል። አንዱ ክሊኒክ ዲክሎፌናክና ኦሜፕራዞል፣ ሌላው ትራማዶል አዘዘልኝ። ሲብስብኝ አይቡፕሮፌን ገዝቼ እደርባለሁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ መውሰዴ ይጎዳኛል?
ሹፌሩ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቡፕሮፌኑን ዛሬውኑ ይተዉት። ስሙ ይለይ እንጂ ከዲክሎፌናክ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሲደራረቡ ማስታገሱ እጥፍ አይሆንም፤ ጨጓራ የመድማቱ ዕድል ነው የሚጨምረው። ፋርማሲ ውስጥ ስውል «ይሄኛው አልያዘልኝም፣ ጠንከር ያለ ጨምሪልኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። ማሸጊያውን ገልብጬ ከንግድ ስሙ በታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳሳየው ያው መድኃኒት ሆኖ ይገኛል።

ኦሜፕራዞሉ ለጨጓራዎ ደግ ነው። ኩላሊትዎን ግን አይጠብቅም፤ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። ዲክሎፌናክ ከኢናላፕሪል ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በአፋር ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ ሲነዱ ውለው ከሆነማ ይብሳል። ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ኢናላፕሪሉን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ይልቅ ኪኒኖቹን በሙሉ በፌስታል ይዘው አንድ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ የኩላሊት ምርመራም ይጠይቁ።

ፓራሲታሞል ከዲክሎፌናክ ጋር ሊወሰድ ይችላል። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበቱን የሚያመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚያም መቀነስ አለበት። እውነቱን ለመናገር ግን ለዲስክ ሕመም ብዙም ጉልበት የለውም። ደግሞ ከዲክሎፌናክ ጋር በአንድ ፍሬ ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ ሳያውቁት እንዳይደግሙት።

ትራማዶል ወስደው መሪ አይያዙ። ያፈዛል፣ ያንቀላፋል። ጫት ያነቃኛል ብለውም እንዳይሸወዱ። ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። ለእግርዎ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕሪጋባሊን የሚያዝልዎት ካለ፣ ትራማዶል እንደሚወስዱ አስቀድመው ይንገሩት። ከመጀመሪያው ጋር የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከሁለተኛው ጋር ትንፋሽን ያዳክማል።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዲክሎፌናኩን አቁመው ቶሎ ይታከሙ። ሽንት እምቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በመቀመጫዎና በብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት፣ ወይም እግርዎ ከዛለ ግን ኪኒን ፍለጋ እኛ ጋ አይምጡ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።