ከአልጋ አጠገብ ወደ ስልክ መስመር

ውድ እህቴ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት እየሠራሽ ነው። አሁን ደግሞ ካንሰር እንዳለባቸው ገና የተነገራቸውን ሰዎች በስልክና በቪዲዮ የምትደግፍ ነርስ መሆን ፈልገሻል። «አዳር ሰልችቶኛል፤ ይሄኛው ቀለል ይላል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሥራው ይሆንሻል ብዬ አምናለሁ። ቀለል ይላል የሚለውን ግን ተዪው።

አልጋ አጠገብ ስትሆኚ ዓይንሽ ይሠራልሻል። ያልተነካ ምሳ፣ ወደ ግድግዳ የዞረ ፊት ታያለሽ። ስልክ ላይ ያለሽ ድምፅ ብቻ ነው። ታማሚው «ደህና ነኝ» የሚልሽ ሚስቱ አጠገቡ ስለተቀመጠች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «አሁን እንደልብ ማውራት ይችላሉ?» በይው። ሲያለቅስ ቶሎ «አይዞዎት» ማለት ይቀናናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይኼ አፉን ያዘጋዋል። «ከሁሉ በላይ ያስጨነቀዎት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። አንዳንዱን የሚያስጨንቀው ሞት ሳይሆን ለልጆቹ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ነው።

ከቻልሽ መጀመሪያ ካንሰር ክፍል ጥቂት ጊዜ ሥሪ። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው በወሬ መሃል «ትንሽ ያተኩሰኛል» ሊልሽ ይችላል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወሬው ይቆማል፤ በአስቸኳይ መታየት አለበት። እንቅልፍ የነሳውም ጭንቀት ሳይሆን ከኬሞቴራፒው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቂው እዚያ ሠርተሽ ነው።

መለኪያዎቹንም ተማሪ። በጭንቀት ቴርሞሜትር ታማሚው ያለፈውን ሳምንት ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ይገምታል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ተብሎ ይታያል። ድባቴን የሚለካው መጠይቅ፣ የፒኤችኪው-9፣ የመጨረሻ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። እሱን ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ መጠየቅ ተለማመጂ። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርበትም።

ቃለ መጠይቅ ላይ አንቺም ጠይቂያቸው፦ «ታማሚው መኖር አልፈልግም ቢለኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ማንን ነው የምጠራው? ያለበትን ቦታ ጥሪው ሲጀመር እንመዘግባለን?» ጥርት ያለ መልስ ካጣሽ ሥራውን አትያዢ፤ እኔ ብሆን አልይዘውም። ከከባድ ጥሪ በኋላ የምታማክሪው ባለሙያ መኖሩንም አረጋግጪ። የሰው ሐዘን ሲያዳምጡ ውሎ ብቻን ማደር ጎበዝ ነርሶችን ከሙያው ያስወጣል።

ሲቪሽ ላይ «ጥሩ ተግባቢ ነኝ» ብለሽ አትለፊው። ቀዶ ሕክምና ሊገቡ ሲሉ የፈሩ ሰዎችን እንዴት እንዳረጋጋሽ በሁለት መስመር ጻፊ። አንቺ ያላስተዋልሽው ትልቁ ልምድሽ እሱ ነው።