መልስ፦ በጠረጴዛ ቴኒስ ፎርሃንዴ ለምን ከጠረጴዛ ያልፋል?

«ፎርሃንዴ ሦስት አራቴ ይገባና ከዚያ ያልፋል» ላልከው (ፎርሃንድ በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት ነው)፦ ጉልበትህን በግማሽ ቀንስ። ራኬቱን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርግና ኳሷ ነጥራ ጫፍ ላይ ስትደርስ ምታት። ብዙዎቻችን መውረድ ስትጀምር ነው የምንመታት፤ ያኔ ወደ ላይ ማንሳት ግድ ስለሚሆን ታልፋለች።

ከማዶ ጥግ ላይ ወረቀት አስቀምጥና እሱን አልም። 20 ኳስ ሳይቋረጥ ካልተመላለሳችሁ ፍጥነት አትጨምሩ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ራኬቱን ቶሎ ወደ መሃል መልስ። አራተኛዋ ወይም አምስተኛዋ ኳስ የምትበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እጅ ስለሚዘገይ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ደሴ ውስጥ ደጅ የምትጫወት ከሆነ፣ ንፋስ ሲነሳ ምትህን ለማስተካከል አትሞክር። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እንዳሻው ይወስዳታል። ለንፋሱ ብለህ የለመድከው አመታት አዳራሽ ስትገባ ጉድ ይሠራሃል።